እርጥቡ ሰጋቱራ

ታሪኩን ከመጀመሪያው ለያዛችሁት ለማስታወስ፣ ዛሬ ለተቀላቀላችሁት ደግሞ እንዳትቸገሩ ያህል ጥቂት ልበል። ቦቲ የስልሳ ወተት ላሞች ባለቤት አንድያ ልጅ ናት። ከጎማ ቦቲዋ ወጥታ ያያት ሰው ስለሌለ ስሟ እዚያው ጫማዋ ላይ ቀረ። ሞረድ ደግሞ ዛፍ ቆራጭ ነው። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በእጅ ሞረድ ሲስል የሚያክለው የለም፤ የሱም ስም ከመሣሪያው መጣ። ከአራት ወር ወዲህ በላሞቹ ሥር የሚጎዘጎዘውን ሰጋቱራ ከጥድ ጫካው የሚልከው እሱ ነው። ጫካው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ሙሉው ጆንያ ሲመጣ በአንደኛው አፍ የእሱ ደብዳቤ አለ፤ ባዶው ሲመለስ የእሷ። መኪና ነጂው አያውቅም፣ አባትየው አያውቁም። አባትየው ስለ ዛፍ ቆራጭ ያላቸው አሳብ አጭር ነው፦ "ልጄን ያስተማርኳት ጫካ ለጫካ ለሚዞር ሰው አይደለም።"

በመጨረሻው ጭነት ሞረድ ትልቁን ጥያቄ ጠየቀ። እሷም በዚያው ቀን መለሰች። ከዚያ ላሞቹ ታመሙ።

*

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት። በግራው ረድፍ የማለቢያ ማሽኑ እየተነፈሰ የጤነኞቹን ወተት ይስባል። በቀኙ ረድፍ ማሽን አይደርስም። እዚያ አሥር ላሞች የግት በሽታ ይዟቸው በእጅ ይታለባሉ። አሥራ አንደኛዋ፣ ግንባረ ነጯ፣ ትናንት ሞታለች።

ቦቲ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ሳህን ላይ አለበች። ወተቱ እንደ ተበላሸ እርጎ ተቆራርጦ ወጣ። ግቱ እንደ እሳት ይፋጃል። ላሚቱ ልትመታት እግሯን አነሳችና፣ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ መልሳ አወረደችው።

"ምቺኝ፣" አለቻት ቦቲ ቀስ ብላ። "የሚገባኝ ነው።"

የከብት ሐኪሟ ወረቀት ይዛ ገባች። አባትየው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይከተሏታል።

"ውጤቱ መጥቷል ጋሼ። ዘይት አይደለም። ልጁ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መጋዙ ላይ ጨምሮ ሰጋቱራውን መረዘው ያሉትን ይርሱት። ያገኘነው ተህዋስ ነው። ያልደረቀ ሰጋቱራ ውስጥ ይራባል፤ ላሚቱ ስትተኛበት በጡቷ ጫፍ ይገባል።"

"ታዲያ እርጥቡን ነዋ ያመጣልን!"

"ከጫካ ሲመጣማ ሁሉም እርጥብ ነው። ጥያቄው ሳይደርቅ ለምን ተነጠፈ ነው።"

"ሠራተኛ የተሰጠውን ያነጥፋል፣ ምን ያውቃል? የሚያውቀው ያመጣው ሰውዬ ነው። 'ይሄ አልደረቀም፣ አቆዩት' ማለት አፍ እንጂ ዲግሪ አይጠይቅም።"

"አባዬ..." አለች ቦቲ።

"አንቺ ተነሺ ከዚያ፣ ወገብሽ ይቆረጣል።" ወደ ሐኪሟ ዞሩ። "ይህች ልጅ ባትኖር ዶክተር፣ ስልሳውም አልቀውብኝ ነበር። ወንድ ልጅ የለህም የሚሉኝን ሰዎች እስቅባቸዋለሁ። ከመጪው ወር ጀምሮ በረቱን ለሷ አስረክቤ ፀሐይ ልሞቅ ነው።"

ስድብ ቢሆን ኖሮ ትናገር ነበር። ምስጋናው አፏን ዘጋው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የመጨረሻው ጭነት የመጣ ቀን ዝናብ ነው። አርባ ጆንያ ወረደ። ደብዳቤውን ጋጣው ጥግ ቆማ አነበበችው፤ "ሳይደርቅ እንዳታስነጥፊ" የሚለውም ጥርት ብሎ ተጽፏል። ማድረቂያው ዳስ ግን በድርቆሽ ተሞልቶ ነበር። ነጂው ደግሞ "ለአሥር ቀን አልመለስም፣ ጆንያውን ዛሬ ከሰጣችሁኝ አርባውንም ስጡኝ፤ ጎዶሎ አልወስድም" አለ። አሥር ቀን! ጥያቄው እጇ ላይ ነው፣ መልሱ አፏ ላይ ነው፣ አሥር ቀን ማን ይቆያል? እጇን ጆንያው ውስጥ ከተተች። ሰጋቱራው ይሞቃል። ብርድ ቀን ስለነበር ሙቀቱ ለላሞቹ ደግ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። አርባውንም ላሞቹ ሥር አስገለበጠችው። አርባ ባዶ ጆንያ፣ በአንደኛው ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ጫካ ሄደ።

"ዛሬ ቅዳሜ አይደል?" አሉ አባትየው ሐኪሟን ከሸኙ በኋላ። "እነዚያ መጋዘኞች መጋዝ ጥገና ቤቱ በር ላይ ይሰበሰባሉ። ሰውዬውም ዛሬ ወደ ሩቁ ጫካ ሊሄድ ነው አሉ፣ ለሁለት ዓመት። ይሂድ። ስሙን ይዞ ግን አይሄድም፤ በጓደኞቹ ፊት እነግረዋለሁ።"

ቦቲ ሳህኑን አጠበች። ንጹሕ ነበር፤ እንደገና አጠበችው። ሰው እውነት መናገር ፈልጎ አፍ የሚያጣበት ጊዜ አለ። "ፈጣሪዬ፣ አባቴን እንዳልፈራው አድርገኝ" ብላ ለመነች፤ ለመናውን ሳትጨርስ ግን የፈራችው አባቷን እንዳልሆነ ገባት። ቁጣቸውን ትችለዋለች። ያን "ይህች ልጅ ባትኖር" ያሉበትን ድምፅ ነው ማጣት ያልቻለችው።

*

መጋዝ ጥገና ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ቤንዚንና የጥድ ሙጫ ይሸታል። በሩ ላይ ከወደቀ ግንድ የተሰነጠቀ አግዳሚ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጋዝ የሚወድ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ያን ቀን አራት ነበሩ፦ አለቃ የሚባለው ጠጋኝ፣ አባ ጫካ የሚሏቸው ጡረታ የወጡ ደን ጠባቂ፣ ስለ መጋዙ የሞተር ጉልበት ከማውራት ስለማይቦዝን "ሰባ ሁለት" የተባለው ቆራጭ፣ እና ሞረድ።

"ሰባ ሁለት ሲሲ ነው እኮ!" ይላል ሰባ ሁለት። "ግንዱን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጨርሰው።"

"ትናንት ዳገቱን ይዘኸው ስትወጣ አይቼሃለሁ፣" አሉ አባ ጫካ። "ማን ማንን እንደተሸከመ መለየት አልቻልኩም።"

"ይሳቁ፣ ይሳቁ! ያን ወፍራም ጥድ በማን ነበር የጣልነው?"

"በአንተ መጋዝ፣ በሞረድ ሰንሰለት፣" አለ አለቃ ካርቡራተር እየፈታ። "ትልቅ ሞተር በዱልዱም ጥርስ ጩኸት ብቻ ነው። እንደ አንዳንድ ሰው።"

"ለኔ ነው?"

"ነካህ እንዴ?"

ሞረድ አልሳቀም። አንድ ሰንሰለት ጠረጴዛው ላይ አስሮ እየሞረደ ነው። አንዱን ጥርስ አራት ጊዜ፣ የሚቀጥለውንም አራት ጊዜ። ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። የሩቁ ጫካ መኪና ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያልፋል።

"አንተ ልጅ፣" አሉት አባ ጫካ፣ "ሰው ስሙ ሲጠፋ ይቆያል እንጂ ይሄዳል እንዴ? ከሄድክማ አመንክ ማለት ነው።"

"ሥራ ስለሆነ ነው አባባ።"

"የተቃጠለ ዘይት ጨመረ አሉ!" ሰባ ሁለት ተናደደ። "እሱ? የተቃጠለ ዘይት የምጨምረው እኔ ነኝ! በአገሩ የሚታወቀው ኃጢአተኛ እኔ ሆኜ ሳለ..."

"ንስሐህን ስንሰማ ደስ ብሎናል፣" አለ አለቃ።

ሞረድ ቀና አለ። "የዘይቱ ወሬ አይደለም የከበደኝ፣" ሊል ነበር። ተወው። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለችው ቁራጭ ወረቀት ላይ የተጻፈውን በቃሉ ያውቀዋል። ወረቀቷ የደረሰችው ላሞቹ ከመታመማቸው አንድ ቀን በፊት ነው። ነጩን ሸሚዙን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ሊሄድ ሲል ወሬው ቀደመው። ቢሆንም ሄደ። ዘበኛው ከበር መለሰው። በአጥሩ ክፍተት ግን በረቱ በር ላይ ቆማ አያት። አየችው። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ገባች።

ያቺ አንገት መድፋት ናት የገደለችው። እሷም አባቷን አመነቻቸው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሻንጣ መሸከፉ ከባድ አልሆነበትም፤ የሚይዘው ብዙ ነገር አልነበረም።

*

ከዘጠኝ ሰዓት አልፎ የአባትየው መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሁሉም ተነሱ። ጋሼ ሰላምታ ሰጥተው ቀጥ ብለው ወደ ሞረድ ሄዱ።

"ዘይት ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ዘይት አይደለም።"

"አላልንም!" አለ ሰባ ሁለት።

"ቆዩ፣ አልጨረስኩም። እርጥብ ሰጋቱራ ነው። አሥር ላም ታሞብኛል። አንዷ ሞታለች፤ ስትወለድ በእነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኳት። የምጠይቅህ ሦስት ነገር ብቻ ነው። እርጥብ እንደነበረ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እንደሚያሳምምስ?"

"አውቅ ነበር ጋሼ።"

"ለሰው ተናግረሃል?"

ሞረድ ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተናግሬያለሁ ቢል፣ የሚቀጥለው ጥያቄ 'ለማን?' ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ደግሞ 'በምን?' ነው። ከዚያ አራት ወር ሙሉ በጆንያ አፍ የተመላለሰው ሁሉ እዚህ፣ ካርቡራተርና ካንዴላ መሀል፣ በወንዶች ፊት ይዘረገፋል።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣" አለ።

አለቃ የያዘው መፍቻ ወደቀ። አባ ጫካ "ምን ነካህ?" አሉት።

"ሰማችሁ አይደል?" አሉ አባትየው። ሊወጡ ዞሩ።

ቦቲ በሩ ላይ ቆማለች። በእግሯ ነው የመጣችው፤ ቦቲዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"ውሸቱን ነው አባዬ።"

"አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ተናግሯል። ሳይደርቅ እንዳይነጠፍ ተናግሯል። ለኔ ነው የተናገረው።" የታጠፈ ወረቀት ከጃኬቷ ኪስ አወጣች። "ጽፎልኛል።"

"ለአንቺ? ለአንቺ ለምን ይጽፋል?" እጃቸውን ዘረጉ፣ ተቀበሏት፣ ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት። "መነጽሬን አልያዝኩም። እንኪ አንብቢው።"

"ከየት ልጀምር?"

"ደብዳቤ ከየት ነው የሚጀመረው?"

"ተይው፣" አለ ሞረድ። "አታንብቢው። እኔ ነኝ አልኩ እኮ።"

አየችው። ያ በአጥሩ ክፍተት ያየው ፊት ነው፤ ዛሬ ግን አላቀረቀረም። ማንበብ ጀመረች።

"'ቦቲ፣ አርባ ጆንያ ልኬልሻለሁ። ትናንት ከሰነጠቅነው ጥድ ነው። ዝናብ መቶታል፣ ሳይደርቅ ላሞቹ ሥር እንዳታስነጥፊ። ጨብጠሽ ጨምቂው፤ እጅሽ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው። ውስጡ ቢሞቅ አያታልልሽ። እርጥብ ሰጋቱራ የሚሞቀው ሲበሰብስ ነው። አራት ቀን ዳስ ሥር በትኚው፣ ጠዋትና ማታ አገላብጪው። ላም የተኛችበትን መናገር አትችልምና እኛ እናስብላት።'"

ቆመች።

"ይኸው፣" አሉ አባ ጫካ፣ "አልተናገረም ወይ?"

"ጨርሺው፣" አሉ አባትየው።

"አባዬ፣ ሰጋቱራው እዚህ ጋ ያበቃል።"

"ደብዳቤው አላበቃም። ጨርሺው።"

ድምፅዋ የዕለቱን የወተት መጠን እንደምትናገርበት ድምፅ ደረቅ ነበር፤ እንደዚያ ካልሆነ እንደማትጨርሰው አውቃለች።

"'ሌላው ነገር። ሦስት ሳምንት ሆነኝ ልጠይቅሽ ስል። ሰንሰለት ስስል እያንዳንዱን ጥርስ እኩል ነው የምሞርደው፣ አራት አራት ጊዜ። ባለፈው ሰኞ አንዱን ስድስት፣ አንዱን ሁለት ሞርጄ ተነሳሁ። መጋዙ ቀጥ ብሎ አልቆርጥ አለኝ፣ ወደ ጎን እየሳበ ዋለ። ግንዱን ሳይሆን አንቺን እያሰብኩ ነበር...'"

"ስድስትና ሁለት!" አለ ሰባ ሁለት። "ለዚህ ነዋ ያን ሰሞን ጣውላው ሁሉ የተጣመመው!"

"ዝም በል!" አሉት አለቃና አባ ጫካ አንድ ላይ።

"'...ሰው ሥራው ከተጣመመበት ምክንያቱን መናገር አለበት። ያለኝ ሁለት መጋዝ፣ አንድ ክፍል ቤት፣ የሠራ እጅ ነው። አባትሽ ያላቸውን አውቃለሁ። ቢሆንም ተደብቄ ልወድሽ አልፈልግም። አንቺ ካልሽኝ እፊታቸው ልቁም? አትቸኩዪ፣ አስበሽ መልሺልኝ።'"

አጠፈችው። የተፈታው ካርቡራተር ሥሩ የተዘረጋው ጋዜጣ ላይ አንዲት ጠብታ ቤንዚን ጣለ።

"አራት ቀን ይላል፣" አሉ አባትየው በመጨረሻ። "ለምን አነጠፍሽው?"

"ጆንያዎቹ ባዶ እንዲሆኑ።"

"ባዶ ሆነው ምን ይሁኑ?"

"መልሴ በዚያው ቀን እንዲሄድ። ዳሱ በድርቆሽ ተሞልቶ ነበር። ነጂው አሥር ቀን አልመለስም አለ። እሱ አትቸኩዪ ብሎኛል፣ እኔ ቸኮልኩ። ሠራተኞቹ 'አልደረቀም' ብለውኛል፣ 'አነጥፉ' ያልኩ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ልነግርህ ስነሳ አንተ ታመሰግነኛለህ።"

"ምን ብለሽ ነው የመለስሽው?"

ሞረድ ከደረት ኪሱ ቁራጯን ወረቀት አወጣ። እንዲያነብ በዓይኗ ፈቀደችለት።

"'ቁም። ነገ ዛሬ አትበል።'"

"ሌላስ?"

"ይኸው ነው ጋሼ።"

"ለዚህች ነው ላሜ የሞተችው?"

አባትየው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሲገቡ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ አሁን ሽማግሌ መሰሉ።

"የመጪው ወር ነገር ቀርቷል፣" አሉ ልጃቸውን ሳያዩ። "በረቱን አላስረክብሽም። ደግሜ እስካምንሽ።"

"እሺ አባዬ። እጠብቃለሁ።"

"መጠበቅ አልቻልኩም ስትይ አልነበር አሁን?"

"እማራለሁ።"

ወደ ሞረድ ዞሩ። "አንተስ? ያልሠራኸውን ለምን ተሸከምክ?"

"የሷ ስም ከሚነሳ የኔ ይውደቅ ብዬ ነው።"

"ዘጠኝ ቀን ስምህን በየሄድኩበት የጣልኩት እኔ ነኝ። የማነሳውም እኔ ነኝ።" ወደ ሦስቱ መጋዘኞች ቀና አሉ። "ስሙኝ። ይህ ሰው በላሞቼ ላይ ጥፋት የለበትም። ወሬውን ለሰማ ሁሉ ይህንንም ንገሩልኝ።" ወደ ሞረድ ተመለሱ። "ልቁም ብለህ አልነበር? ይኸው ቆመሃል። ተናገር።"

ሞረድ ሸሚዙን አየ። ነጩ አይደለም፤ ዘይት የነካው ነው። ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፣ ጫካ ውስጥ ለዛፎች ስንቴ የተናገረው። አንዱም አልመጣለትም።

"ልጅዎን እወዳታለሁ ጋሼ። ሌላውን እሷ አንብባልዎታለች።"

አባትየው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። "ዛሬ እሺ አልልህም። እምቢም አልልህም። ላም የሞተችበት ሰው በደህና ቀን ነው የሚጠየቀው። የታመሙት ይዳኑልኝና ተመልሰህ ቁም።" መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ሳይዞሩ ጨመሩ፦ "ያ የምታነቢው ነገር ሌላም አለ?"

"አለ አባዬ።"

"አልፈልግም።"

መኪናቸው ሲሄድ ሦስቱ መጋዘኞች ድንገት ያች የተፈታች ካርቡራተር በጣም አሳሰበቻቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጭንቅላታቸውን ገጥመው፣ አንዲት ቡሎን ሲመረምሩ ማየት ነው። "ይህች የትኛዋ ናት?" "እንጃ፣ ገልብጣት እስቲ።"

"ያን ቀን፣" አለ ሞረድ፣ "በአጥሩ ስታዪኝ ለምን አቀረቀርሽ?"

"አፍሬ። አንተን ማየት አቃተኝ።"

"እኔ ደግሞ ያመንሻቸው መስሎኝ..."

"እያወቅኩ? ደብዳቤህ ትራሴ ሥር እያለ?"

ከውጭ የሩቁ ጫካ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ደግሞ ነፋ። ሞረድ ሻንጣውን በእግሩ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋው። ቦቲ ይህን አየች፤ ፈገግ ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና ፈገግታው መንገድ ላይ ተበላሸ። ዘጠኝ ቀን በረቱ ውስጥ ያልወጣው እንባ አሁን መጣ። ለፍቅሯ አልነበረም፣ ለእፍረቷም አልነበረም። "ግንባረ ነጯ... እጄን ትልስ ነበር፣" አለች። "ስታጣጥር ራሱ እጄን ትልስ ነበር።"

አላባበላትም። አይዞሽም አላላትም። አንድ እርምጃ ቀርቦ ክንዱ ክንዷን እስኪነካ ድረስ አጠገቧ ቆመ፤ እሷም ለሞተችው ላም እንደ ልቧ አለቀሰች፣ የሚያውቅላት ሰው አጠገቧ ቆሞ።